እበቱ ነው ወይስ ውኃው?
ባህላዊ የዘር ማከሚያዎች በሳይንስ ሚዛን

ገለጉ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ ለሱዳን ድንበር ቅርብ በሆነው ቆላ የምትገኝ የቋራ ወረዳ ከተማ ናት። በአካባቢው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ በስፋት ይመረታሉ። ዝናቡ በአብዛኛው በክረምት ወራት የተወሰነ በመሆኑ የዘር ወቅት ስሕተትን አይታገሥም። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ለቀናት ቢቋረጥ፣ በቆላው ሙቀት የላይኛው አፈር ፈጥኖ ይደርቃል። ሥሩን ወደ ጥልቁ ያላደረሰ ቡቃያ ይጠወልጋል፤ ገበሬውም ዘር ፈልጎ ዳግመኛ ለመዝራት ይገደዳል። ስለዚህ ዘር በስንት ቀን ይበቅላል የሚለው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ከብት የሚያረባ ገበሬ እበትና ሽንት አያጣም። እነዚህን ለዘር ማከሚያነት መጠቀም በልዩ ልዩ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። በሕንድ ቢጃምሪታ የሚባለው ድብልቅ ከላም እበት፣ ከሽንት፣ ከኖራ፣ ከጥቂት አፈርና ከውኃ ይዘጋጃል። በአገራችንም ተመራማሪዎች የላም ሽንትን የማሽላን ፍሬ ወደ ጥቁር ዱቄት በሚለውጠው የአረማሞ በሽታ ላይ ሞክረውታል። እንግዲህ እነዚህ ድብልቆች በእርግጥ ይሠራሉን? የሚሠሩ ከሆነስ በምን ምክንያት?

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ በዘሩ ውስጥ የሚካሄደውን እንመልከት። ደረቅ ዘር ውኃ ሲጠጣ ፅንሱ ጂበረሊን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ የፍሬውን ውጫዊ ሕዋሳት ቀስቅሶ አሚሌስ የተባለውን ኤንዛይም ያሠራል፤ ኤንዛይሙም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል። ብቅል ጣዕሙ ጣፈጥ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ጂበረሊን የታወቀው የጃፓን የሩዝ ቡቃያዎችን ያለልክ የሚያስረዝም በሽታ ሲጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ኩሮሳዋ የተባሉ ተመራማሪ መንስኤው አንድ ሻጋታ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር መሆኑን አሳዩ። ከዚህ እንደምንረዳው ረቂቅ ሕዋሳት የዕፅዋትን ሆርሞን ሊሠሩ ይችላሉ። በእበት ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች መካከልም ሥርን የሚያበረታታውን ኦክሲን የሚያመነጩ ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። በእበት ውኃ የተነከረ ዘር ቀድሞ ቢበቅል፣ የሠራው እበቱ ነው ብለን ወዲያው መደምደም አንችልም። በንጹሕ ውኃ ተነክሮ የላዩ እርጥበት ደርቆ የተዘራ ማሽላም ውኃ የመጠጣቱን ሥራ አስቀድሞ ስለ ጨረሰ ከደረቁ ዘር ይቀድማል። የእበቱን ድርሻ ከውኃው ድርሻ የምንለየው በማነጻጸሪያ ብቻ ነው።

ሙከራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከአንድ ከረጢት የተወሰደ የማሽላ ዘር በአራት ቡድን ይከፈል። የመጀመሪያው ደረቅ ይሁን፤ ሁለተኛው በንጹሕ ውኃ፣ ሦስተኛው አንድ እጅ እበት በአሥር እጅ ውኃ በተበጠበጠበት፣ አራተኛው በዚያው መጠን በቀጠነ ሽንት ለስምንት ሰዓት ያህል ይነከሩ። ከዚያም ከየቡድኑ 100 ዘር በእርጥብ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ በየዕለቱ የበቀለው ይቆጠር፤ የሥሩም ርዝመት ይለካ። ከ100 ዘር በአንዱ ቡድን 82፣ በሌላው 86 ቢበቅል ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙከራው ቢያንስ አራት ጊዜ ሊደገም ይገባል።

ሽንቱን የማቅጠን ምክንያትም ሳይንሳዊ ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በባክቴሪያ ተሰባብሮ አሞንያ ይሆናል፤ አሞንያ ሲበዛ ፅንሱን ይመርዛል። የሽንቱ ጨውም ዘሩ ውኃ እንዳይስብ ያግዳል። በሌላ በኩል ይኸው ጠባይ በዘሩ ቅርፊት ላይ የተለጠፈውን የአረማሞ ዘረ በሽታ ሊያጠፋ ይችላል። ስለሆነም አንዱ ድብልቅ እንደ መጠኑ መድኃኒትም መርዝም ይሆናል። ትኩስ እበትም ለጤና ጎጂ የሆኑ ተሕዋስያን ስለሚኖሩት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የታከመውንም ዘር ለምግብ አለማዋል ግድ ነው።

ከብቅለት በኋላ ቡቃያውን የሚመግበው አፈሩ ነው። በዚህ ረገድ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከትኩስ እበት ይመረጣል፤ ናይትሮጅኑን ቀስ በቀስ ይለቃል፣ የአፈሩንም ውኃ የመያዝ ዐቅም ያሻሽላል። ለጥቂት ሰዓታት የተነከረ ዘር በደከመ አፈር ላይ ቢዘራ ጅምሩ ቢያምርም ፍጻሜው አያምርም።

የአባቶቻችንን ልማድ ያለ ምርመራ መናቅም ሆነ ያለ ምርመራ ማወደስ ከሳይንስ ጋር አይስማማም። ውድ አንባብያን፣ በተለይም ከቆላው አካባቢ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ከክረምቱ በፊት ይህን ሙከራ በትምህርት ቤታችሁ አካሂዱ። የንጹሕ ውኃው ቡድን ከእበቱ እኩል ከበቀለ፣ ገበሬው እበቱን ለማሳው አቆይቶ ዘሩን በውኃ ብቻ መንከር እንደሚበቃው ትነግሩታላችሁ። እበቱ ከበለጠም ስንት እጅ በስንት እጅ እንደሚበጠበጥ ለይታችሁ ታስረዱታላችሁ። በሁለቱም መንገድ ዘር ከብክነት ይድናል።