የሽጉጥ ማነጣጠሪያና የዓይናችን ወሰን

ከፋብሪካ ከሽጉጥ ጋር አብሮ የሚመጣ ማነጣጠሪያ ለሁሉም ዓይንና ለሁሉም ተግባር ይስማማል ማለት አይደለም። በዚህም ምክንያት፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ተኳሾች የፋብሪካውን አውጥተው ሌላ የሚተኩበት ሰፊ ገበያ አለ። ይሁን እንጂ ዒላማውን የሳተ ጥይት የት እንደሚያርፍ ተኳሹ አያዝዝምና ምርጫው የጌጥ ጉዳይ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ምርጫውን የሚገዙትን የፊዚክስ ሕጎች እንመለከታለን።

ማነጣጠሪያው ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም በአፈሙዙ አጠገብ የቆመ ጠባብ ብረትና ከኋላ በኩል መካከሉ ክፍት የሆነ ሌላ ብረት ናቸው። ተኳሹ የፊተኛውን በኋለኛው ክፍተት መካከል አድርጎ፣ የሁለቱን አናት አስተካክሎ ያያል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 165 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የፊተኛው ብረት ከመካከሉ በ1 ሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ፣ በምስስል ጎነ ሦስቶች ሕግ መሠረት ጥይቱ 25 ሜትር ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል። በአንጻሩ እጅ አቅጣጫውን ሳያዛባ ሽጉጡን በ1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢያንቀሳቅሰው፣ ስሕተቱ ያው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በኦሎምፒክ የሴቶች የ25 ሜትር ሽጉጥ ውድድር፣ በዝግታ በሚተኮስበት ክፍል፣ የ10 ነጥቡ ክብ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ በወሰድነው ሽጉጥ ከክቡ መሃል ወደ ጠርዙ ለመውጣት 0.165 ሚሊ ሜትር ማፈንገጥ ይበቃል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጠርቶ መታየት ያለበት የሁለቱ ብረቶች አሰላለፍ ነው።

ዓይን ግን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንድ ርቀት ብቻ ነው። የፊተኛው ብረት ከዓይን 76 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ 1.3 ዳዮፕተር ማስተካከል ይጠይቃል፤ የ25 ሜትር ዒላማ ግን 0.04 ብቻ። የዓይናችን ብሌን ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ዒላማውን አጥርተን ብናይ፣ የፊተኛው ብረት ወደ 2.9 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ብዥታ ይለብሳል። ይህም ከተለመደው የብረቱ ስፋት፣ ከ3.2 ሚሊ ሜትር ጋር ሊስተካከል ጥቂት ይቀረዋል። በተቃራኒው ብረቱን ብናጠራ የሚደበዝዘው ዒላማው ነው፤ ብዥታው ግን በዙሪያው እኩል ስለሚሰራጭ መሃሉ አይጠፋንም። አሠልጣኞች የፊተኛው ብረት ላይ እንድናተኩር የሚያዝዙት ስለዚህ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ይጠጥራል። ወደ 60 ዓመት የተጠጋ ሰው የሚቀረው የማስተካከል ኃይል 1 ዳዮፕተር ያህል በመሆኑ፣ ከሚያስፈልገው 1.3 ያንሳል። ለእንዲህ ያለው ተኳሽ ከአዲስ ማነጣጠሪያ ይልቅ የሚጠቅመው በሐኪም የታዘዘ መነጽር ነው።

ወደ ስፋት እንመለስ። ከዓይን 60 ሳንቲ ሜትር የራቀ የ3.6 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ በፊተኛው ብረት ርቀት ላይ 4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ብረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ በግራና በቀኝ 0.7 ሚሊ ሜትር ብርሃን ይተርፋል፤ 2.5 ከሆነ ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ። ሰፊ ብርሃን አሰላለፉን ለማግኘት ያፋጥናል፤ ጠባብ ብርሃን ጥቃቅን መዛባትን ያጋልጣል።

የብርሃን ምንጩም ይለያያል። ፋይበር ኦፕቲክ የአካባቢውን ብርሃን በጎኑ ሰብስቦ በሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ወደ ጫፉ ያደርሳል፤ በጨለማ ግን የሚሰበስበው የለውም። ትሪቲየም የተባለው የሐይድሮጂን አይሶቶፕ በሚያመነጨው የቤታ ጨረር የብርጭቆውን ቅብ ስለሚያበራ በጨለማም ይታያል። ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት በመሆኑ ከዚያ በኋላ ድምቀቱ ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ገዢው የተመረተበትን ዓመት መጠየቅ አለበት።

በመጨረሻም ከፍታ። ጥይቱ 25 ሜትር ላይ 76 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ካረፈ፣ 76 በ165 ተባዝቶ ለ25,000 ሲካፈል 0.5 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። የፊተኛውን ብረት በዚህ ልክ ማሳጠር ወይም የኋለኛውን ከፍ ማድረግ ጥይቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለእጃችን ኢምንት ቢመስልም ለጥይቱ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ማነጣጠሪያው የተተካለት ሽጉጥ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ሳይፈተሽ ሊታመን አይገባም።