ያውቁ ኖሯል? ከባሕሪ አሸዋ ወደ ኩቤክ በረዶ
በሱዳን ባሕሪ ኖረው ወደ ካናዳ የተሻገሩ ወገኖች አሉን። ይህ በተለይ ለእነሱ ነው። ከባሕሪ ወጣ ብሎ ልቅ አሸዋ ላይ የሚነዳ ሰው የላንድክሩዘሩን ጎማ አየር ይቀንሳል፤ ጎማው ተዘርግቶ ሰፊ ቦታ ስለሚረግጥ ቶሎ አይሰምጥም። የከተማ በረዶ ላይ ግን አየሩ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ መሆን አለበት።

ፎር ዊል ድራይቭ መኪናውን ለማስነሳትና ዳገት ለማውጣት ይረዳል፤ ለማቆም ግን ብልጫ የለውም፤ የማንኛውም መኪና ፍሬን አራቱንም ጎማ ይይዛልና። ብዙዎችን የሚያሳስተው ይኸው ነው። ትልቅ መኪና የያዘ ሰው ያለ ችግር ይነሣና መስቀለኛው መንገድ ላይ ይንሸራተታል። የሚያድነው የበረዶ ጎማ ነው፤ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንኳ ላስቲኩ አይደድርም። የካናዳዋ ኩቤክ ይህን ጎማ መግጠምን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 በሕግ ታስገድዳለች። እባክዎ ርቀትዎን ይጠብቁ፤ ፍጥነትዎንም ቀድመው ይቀንሱ።