ሰኞና ማክሰኞ የሚያርፈው ባሕር

በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ሃናውማ የምትባል ትንሽ ወሽመጥ አለች። ድሮ የእሳተ ገሞራ አፍ ነበረች፤ ባሕሩ አንዱን ግድግዳ ሰብሮ ገባና ሞላት። ከገደሉ ላይ ቁልቁል ሲያዩዋት ጠርዙ የተሸረፈ ስኒ ትመስላለች።

ሰው የሚመጣው ለስኖርክል ነው። ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን መነጽር አጥልቆ፣ ጫፉ ከውኃ በላይ የሚቀር ቱቦ በአፉ ይዞ፣ በሆዱ ተንሳፎ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ጆሮ ውኃ ውስጥ እንደገባ ቆሎ የሚቆረጠም የሚመስል ድምፅ ይሰማል። አገሬው ኡሁ የሚለው፣ አፉ እንደ በቀቀን መንቁር የሆነ ዓሣ ድንጋይ መሰሉን የባሕር ፍጥረት፣ ኮራልን፣ እየጋጠ ነው። የሚፈልገው በላዩ የበቀለውን አልጌ ነው፤ አብሮ የገባውን ድንጋይ ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ፈጭቶ ነጭ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። አንዱ ትልቅ ኡሁ በዓመት የሚያወጣው አሸዋ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ይለካል።

ውኃውን የሚያደፈርሰውም ይኸው የላመ አሸዋ ነው። ወሽመጧ የታጠረች፣ ዳርቻዋም ጥልቀት የሌለው ስለሆነ፣ እግር የቀሰቀሰው አሸዋ ቶሎ አይረጋም። ኮራል በሕይወት የሚኖረው ሰውነቱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን በሚሠሩለት ምግብ ነው፤ ውኃው ሲደፈርስ ይራባል።

የጠራ ሁሉ ግን ንጹሕ አይደለም። ጀርም በዓይን ስለማይታይ ናሙና ተወስዶ ላብራቶሪ መግባት አለበት። ከባድ ዝናብ ጥሎ ጎርፍ ያጠቆረው ባሕር ውስጥ ግን ውጤት ሳይጠብቁ አለመግባት ነው። ከቆዳ የሚታጠብ ቅባትም አለ፦ ሃዋይ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለባቸው የፀሐይ መከላከያዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለችው ለኮራል ብላ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ከየትኛውም ቅባት ይሻላል እላለሁ።

ሃናውማ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቅ ስፍራ ናት። እንዲያም ሆኖ ጎብኚው ለረጅም ጊዜ ለዓሣ ዳቦ ይወረውር፣ ኮራል ላይ ይቆም ነበር። ዛሬ መመገብ ክልክል ነው፤ ከመውረዳቸው በፊትም ሕይወት ያለውን ኮራል እንዳይረግጡ የሚያስተምር አጭር ፊልም ያያሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮቪድ ምክንያት ለወራት ስትዘጋ ውኃው በግልጽ ጠራ። ቀድሞ ማክሰኞ ብቻ ነበር የምትዘጋው፤ አሁን ሰኞም ተጨምሯል። ረቡዕ ማለዳ ቀድሞ የወረደ ሰው፣ ሁለት ቀን ሙሉ የጎብኚ እግር ያልነካው ውኃ ላይ ተንሳፎ ያንን ቁርጥምታ ያዳምጣል።