ሳንባቸው ስለ ታመመ ሕፃናት ዕድገትና ጠባይ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በነሐሴ ወር፥ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ወራቱ ሳይሞላ ተወልዶ፥ ሳንባው አየር መያዝ ተስኖት ሁለት ቀን ሳይሞላው ባረፈ ጊዜ፥ የዚያ ዘመን ሐኪሞች የታላቅ መንግሥት መሪ ልጅ እንኳ ቢሆን የሚያድኑበት ጥበብ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ የመተንፈሻ መሣሪያ እየተስፋፋ እንዲህ ያሉት ጨቅላዎች መዳን ሲጀምሩ፥ በ1967 የስታንፎርዱ ሐኪም ዊልያም ኖርዝዌይና ባልደረቦቹ አንድ አዲስ ሕመም ገለጡ፤ ይኸውም ነፍስ ያዳነው ብርቱ ኦክስጅንና የመሣሪያው ግፊት ገና ያልጸናውን ሳንባ አቁስሎ የሚተወው፥ ብሮንኮፐልሞናሪ ዲስፕሌዥያ የተባለው ሥር የሰደደ ደዌ ነው።

ዛሬ ይህ ደዌ የሚበዛው ከ28 ሳምንት በፊት በሚወለዱት ላይ ነው። ለሳንባው የሚደረገው ጥንቃቄ የሚመሰገን ሆኖ ሳለ፥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የልጁ አንደበት፥ እንቅስቃሴና ጠባይ ነው። አንጎል በእነዚያ ወራት እጅግ ፈጥኖ የሚያድግ እንደ መሆኑ መጠን፥ የኦክስጅን በየጊዜው ማነስ፥ ለሰውነት ዕድገት የሚሆነው ምግብ በመተንፈስ ድካም ማለቁ፥ የሆስፒታሉም ረጅም ቆይታ ተባብረው ይጎዱታል። ስለዚህም ዘግይቶ መራመድ፥ ዘግይቶ አፍ መፍታት፥ ትምህርት ቤት ሲገባም ልብን ሰብስቦ አለመቀመጥ፥ ወራታቸው ሳይሞላ ቢወለዱም ሳንባቸው ደኅና ከሆነው ይልቅ በእነዚህ ሕፃናት ላይ ይበዛል። በሁሉ ላይ ይደርሳል ማለት ግን አይደለም።

ለሳንባ የበጀ ሁሉ ለአንጎል አይበጅም። ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት በተወለዱበት ሳምንት ሲሰጥ ሳንባን ቢያግዝም፥ እጅና እግርን የሚያሰናክለውን የአንጎል ጉዳት እንደሚያበዛ ታውቋል፤ በቡና ውስጥ የሚገኘው ካፌይን ግን በ2006 እና በ2007 በወጣው ሰፊ ጥናት የሳንባውንም ደዌ፥ የአእምሮውንም መዘግየት ሲቀንስ ታይቷል።

እናቶችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው የማዕድ ሰዓት ነው። በአፉና በአፍንጫው ቱቦ ሲገባና ሲወጣ ወራት ያሳለፈ ሕፃን፥ ማንኪያ ወደ ከንፈሩ ሲቀርብ ፊቱን ያዞራል፥ አፉን ይገጥማል፥ ጥቂት ቢቀምስም ያቅለሸልሸዋል። ለመዋጥ እስትንፋስን ጥቂት መግታት ግድ ነውና፥ ለሚያለከልክ ልጅ ይህም ራሱ ጭንቅ ነው። ዘመድ አዝማድ «አሞላቀቃችሁት» ይላል፤ ነገሩ ግን ወደ አፍ የሚቀርበው ሁሉ ሥቃይ መሆኑን የለመደ ሰውነት ፍርሃት ነው፤ በግድ ማጉረስም ፍርሃቱን ከማጽናት በቀር አይረባም። በማንኪያው ይጫወት፥ ምግቡን በጣቱ ይነካካ፥ ሌሎች ሲበሉ አብሮ ይቀመጥ።

ዕድሜውም በአግባቡ ይቈጠር። ሦስት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ ዓመት ሲሞላው የሚመዘነው እንደ ዘጠኝ ወር ሕፃን ነው፤ ሐኪሞች ይህን ቅናሽ እስከ ሁለት ዓመት ይጠብቃሉ። ይህ ተቀንሶለትም ወደ ኋላ የቀረ እንደ ሆነ፥ «ቀስ ብሎ ይደርሳል» እያሉ ወራትን ማሳለፍ በልጁ ላይ መፍረድ ነው። አፍ መፍታት የዘገየበት ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር፤ በጨቅላነቱ ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መስማትን የሚጎዱ ናቸውና።