ትዕግሥት እንደ ዘዴ፦ ቡችላን ያለ ዱላ ስለ ማሠልጠን



«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሰውን ለመንቀፍ ነው። ለእንስሳት ጠባይ አጥኚ ግን አንድ ቁም ነገር ይዟል፤ እንስሳ መልካም ነገር ካገኘበት ስፍራና ሰው ጋር ይተሳሰራል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ይፋ ባደረገው የድመቶች ሙከራ የጀመረው ምርምርም ወደዚሁ አደረሰው፦ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደገማል። የዛሬው የውሻ ሥልጠና በዚህ መርሕ ላይ የቆመ ነው።

ታዲያ ቡችላን በማሠልጠን ረገድ ትዕግሥት የደግነት ጉዳይ ብቻ ነውን? አይደለም። ትዕግሥት የዘዴው አካል ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሁለት ወር ቡችላ ምንጣፍ ላይ ሸና። ባለቤቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደርሶ በጥፊ ይመታዋል። ቡችላው ግን የአሁኑን ሕመም ካለፈው ድርጊት ጋር አያያይዘውም፤ የሚያያይዘው ከፊቱ ካለው፣ ማለትም ከባለቤቱ እጅ ጋር ነው። ሲሸና ቢደረስበትና ቢመታ እንኳ የሚማረው ሰው በሌለበት መሽናትን ነው። ጆሮውን ጥሎ ሲያጎነብስ «ጥፋቱን ያውቃል» እንላለን፤ ያ ግን ከጸጸት ይልቅ የፍርሃት ምልክት ነው።

የተሻለው መንገድ ይህ ነው፦ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ሲበላና ሲጫወት ከቆየም በኋላ ወደ ውጭ ማውጣት፤ በተገቢው ቦታ እንደ ሸና ወዲያውኑ ቁራሽ ምግብ መስጠትና በለሰለሰ ድምፅ ማመስገን። እጅ ሲነክስም ጨዋታውን አቋርጦ መነሣት።

ትዕግሥት በእጅጉ የሚፈተነው ግን ሌላ ቦታ ነው። በጮኸ ቁጥር ጉርሻ የለመደ ቡችላ ሲከለከል፣ ጩኸቱ ከመቀነሱ በፊት ይብሳል። በዚህች ሰዓት የሚሸነፍ ሰው አጥብቆ መጮኽ እንደሚያዋጣ ያስተምረዋል።

ጉዳዩ ለአገራችን ከቤት ጽዳት ያለፈ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ቡችላ ከሰው ጋር የሚላመድበት ወሳኝ ጊዜ በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ በዚሁ ዕድሜ «ኃይለኛ ይሁን» ብለን እናስረዋለን። ሰውን ሳይላመድ ያደገ ውሻ በአብዛኛው ፈሪ ነው፤ ፈሪ ውሻም መሸሻ ሲያጣ ይነክሳል።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። ሥርጭቱን ለመግታት ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ነገር ግን ሰው ሊይዘው የማይችል ውሻ እንዴት ይከተባል? እግሩን፣ ጆሮውንና አፉን በየዕለቱ በጉርሻ እየታጀበ መዳሰስን የተማረ ቡችላ ግን ለሐኪሙ ጸጥ ብሎ ይቆማል። እስኪከተብ ድረስም ከማይታወቁ ውሾች አርቆ፣ በክንድ ታቅፎ ሰውንና መንደሩን ማሳየት ይቻላል።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ባለቤቶችን ስትመክሩ ስለ ክትባቱ ብቻ አትንገሯቸው፤ ስለ እጃቸውም ንገሯቸው። ቡችላው የሚፈራው እጅ ሊከላከልለት አይችልም።