ፊደሉ አላረጀም፣ ንባቡ እንጂ
ስለ እርጅናና ስለ ዘረመል የሚነገሩ ተረቶችና እውነታዎች

በመተከል ዞን፣ በማንዱራ ወረዳ የምትገኘው ገነተ ማርያም በጉሙዝ ሕዝብ ምድር ላይ ያለች ከተማ ናት። የጉሙዝ ሕዝብ ዘረመል በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔቶች መጠቀስ ከጀመረ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ከአማራ፣ ከኦሮሞ፣ ከሶማሌ፣ ከወላይታና ከጉሙዝ 25፣ 25 ሰዎችን፣ ከግብፅ ደግሞ 100 ሰዎችን መርጦ ሙሉ ዘረመላቸውን አንብቧል። የጥናቱ ጥያቄ የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው በየትኛው መንገድ ነው የሚል ነበር፤ መልሱም በግብፅ በኩል ወደሚያልፈው ሰሜናዊ መንገድ አዘነበለ። እነዚህ ሰዎች ስንት ዓመት እንደሚኖሩ፣ መቼስ እንደሚያረጁ የጠየቀ አልነበረም። ሆኖም «ዘረመል ተነበበ» ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት ሐሳብ የሰው ዕጣ ፈንታ ተነበበ የሚል ነው። ስለ እርጅና የሚነገሩት ተረቶች አብዛኞቹ የሚበቅሉት ከዚህ ሐሳብ ነው።

የዚህን ሐሳብ ስህተት ለማየት አማርኛ ራሱ ጥሩ ምሳሌ አለው። «ገና» ብለን ስንጽፍ «ና» ከጠበቀ የልደት በዓል ነው፤ ከላላ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። ሁለቱም የሚጻፉት በአንድ ዓይነት ፊደል ስለሆነ ትርጉሙን የሚለየው ማጥበቅና ማላላት ብቻ ነው። የህዋሳችን ነገርም ከዚህ አይርቅም። በአንዱ ህዋስ ውስጥ ያለው፣ ዘረመል የተጻፈበት ዲኤንኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል፤ የሚኖረው ግን ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ በማይሞላ፣ ኒውክለስ በተባለ የህዋሱ እምብርት ውስጥ ነው። ይህ የሚሆነው ክሩ ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ስለሚጠመጠም ነው፤ 147 ያህል የዲኤንኤ «ፊደል» የሚረዝም ክር ስምንት ሂስቶኖችን ይዞራል፣ ከዚያ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው፣ ፈትል በልቃቂት ላይ እንደሚጠቀለል። ክሩና ልቃቂቱ በአንድነት ክሮማቲን ይባላሉ። ክሮማቲን የጠበቀበት ቦታ ዘረመሉ ዝም ይላል፤ የላላበት ቦታ ይነበባል። የጉበት ህዋስና የቆዳ ህዋስ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዘው የተለያየ ሥራ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚሁ ይነሳል፦ እርጅና በአመዛኙ የፊደሉ መጥፋት ሳይሆን የንባቡ መዛባት ነው።

ተረት 1፦ «ዕድሜ በዘር ነው፤ የነእገሌ ዘር ቶሎ አያረጅም።»

በዘር የሚወረስ ነገር የለም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የዴንማርክ መንትዮች ጥናት ከ1870 እስከ 1900 የተወለዱ መንትዮችን መርምሮ፣ በሰዎች መካከል ካለው የዕድሜ ልዩነት ሩብ ያህሉ ብቻ ከውርስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ስሌቶች፣ በአደጋና በተላላፊ በሽታ የሚመጣውን ሞት እንደያዙበት መንገድ፣ ቁጥሩን ከፍም ዝቅም አድርገውታል፤ ዕድሜን ሙሉ በሙሉ ለውርስ የሰጠ ግን የለም። የራሳችን አገር ታሪክ ደግሞ የበለጠ ግልጽ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በኢትዮጵያ አማካይ የሕይወት ዘመን ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ60 አልፏል። በአንድ ትውልድ ውስጥ የአንድ ሕዝብ ዘረመል እንዲህ አይለወጥም፤ የተለወጡት ክትባቱ፣ ውኃው፣ ምግቡና የጤና ጣቢያው ናቸው። «ይህ ቁጥር ያደገው ሕፃናት መሞት ስላቆሙ እንጂ ሽማግሌዎች ማርጀት ስላቆሙ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ አማካይ የሕይወት ዘመንና እርጅና አንድ አይደሉም። ይህ ግን ተረቱን አያድነውም፦ ረጅም ዕድሜ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም ብናይ፣ ከደም ጋር ማዕድ፣ ጎጆና የኑሮ ልማድም አብረው እንደሚወረሱ መርሳት የለብንም። በሁለት ሰዎች መካከል፣ ከየትኛውም ብሔር ይሁኑ፣ ያለው የፊደል ልዩነት ከሺህ አንድ ያህል ነው።

ተረት 2፦ «የምናረጀው ዲኤንኤያችን ስለሚያልቅ ነው።»

ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ካረጀ ህዋስ አዲስ ሕይወት መሥራት ባልተቻለ። ዶሊ የተባለችው በግ ጁላይ 5 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ የተወለደችው ግን ከስድስት ዓመት በግ ጡት ከተወሰደ ህዋስ ነው። ያ ህዋስ የጡት ሥራውን ብቻ ሲያነብ የኖረ ነበር፤ ኒውክለሱ ወደ እንቁላል ሲገባ ግን ሙሉ በግ የሚያስገኘው ጽሑፍ ሳይጎድል ተገኘ። ዶሊ በስድስት ዓመቷ ስትሞት «ያረጀ ህዋስ ወርሳ ነው» ተብሎ ብዙ ተወራ፤ ለሞት ያበቃት የሳንባ ዕጢ መነሻ ግን በጎችን የሚያጠቃ ቫይረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተመሳሳይ መንገድ የተፈጠሩ 13 በጎች ተመርምረው፣ ከእነሱም አራቱ ከዶሊ ጋር ከአንድ ህዋስ ዘር የመጡ ሲሆኑ፣ በጤና እያረጁ እንደሆነ ታይቷል።

የዚህ ክርክር ጠንካራው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል፤ የፊደል ስህተት ከዕድሜ ጋር በእርግጥ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት 16 አጥቢ እንስሳትን አነጻጽሮ፣ አጭር ዕድሜ ያላቸው በዓመት ብዙ ስህተት፣ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ጥቂት ስህተት እንደሚያከማቹ አገኘ። በሰው ትልቁ አንጀት ህዋስ ቁጥሩ በዓመት 47 ያህል ነው። በ80 ዓመት ከአራት ሺህ አይደርስም፤ በህዋሱ ውስጥ ያለው ፊደል ግን ስድስት ቢሊዮን ገደማ ነው። አንድ ስህተት በክፉ ቦታ ካረፈ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ ቆዳን ሁሉ ለማጨማደድ፣ ጡንቻን ሁሉ ለማድከም ግን ይህ ቁጥር ያነሰ ይመስላል። ይህን የሚያጠናክር ማስረጃም አለ፦ ዲኤንኤን የሚገለብጠው ፕሮቲን በውርስ የተበላሸባቸው ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ የብዙ ስህተት ተሸካሚ ናቸው፤ ካንሰር ይበዛባቸዋል፣ ሰውነታቸው ግን በጥቅሉ ያለ ዕድሜው ሲያረጅ አልታየም።

በተቃራኒው ፕሮጄሪያ የተባለውን ብርቅ ሕመም እንይ። ሕፃናት በጥቂት ዓመት ውስጥ ፀጉራቸው ይረግፋል፣ የደም ሥራቸው እንደ ሽማግሌ ይደርቃል፣ ብዙዎቹም በአሥራዎቹ ዕድሜ በልብ ሕመም ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 መንስኤው ተገኘ፤ ላሚን የተባለውን ፕሮቲን በሚሠራው ዘረመል ውስጥ የተለወጠ አንድ ፊደል ነው። «ይኸው፣ ፊደል ነው እንጂ!» ሊባል ይችላል። ነገር ግን ላሚን የኒውክለሱ ግድግዳ ነው፤ ክሮማቲን የሚደገፍበት። ግድግዳው ሲጣመም መጥበቅ የነበረበት ክሮማቲን ይላላል፣ ንባቡ በመላ ይዛባል። አንዲቱ ፊደል ጉዳት ያደረሰችው የቀረውን ጽሑፍ አያያዝ በማበላሸቷ ነው። በጤነኛ ሰው እርጅናም፣ በዝግታና በመጠኑ፣ ተመሳሳይ ለውጥ ይታያል፦ ዝም ማለት የነበረበት ክፍል መነበብ ይጀምራል፣ መነበብ የነበረበት ይዘጋል፣ ህዋሱም ማን እንደሆነ ቀስ በቀስ ይረሳል።

ተረት 3፦ «የተወለድንበትን ኑሮ አይለውጠውም።»

ጽሑፉን አይለውጠው ይሆናል፤ ምልክቱን ግን ይለውጣል። በዲኤንኤ ላይ ሜቲል የተባለ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክት ይለጠፋል፤ «እዚህ ጋ አጥብቅ፣ አታንብብ» እንደሚል የመምህር ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ፣ በቅዝቃዜው ወቅት፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ከባድ ረሃብ በነበረ ጊዜ የተፀነሱ ሰዎች ከ60 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ከዕድገት ጋር በተያያዘ አንድ ዘረመል ላይ ያለው ይህ ምልክት ከወንድም እኅቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በእኛም አገር የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በራያ ቆቦ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ በማህፀን የነበሩ ሰዎችን ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ አጥንተው፣ ከደም ግፊት፣ ከደም ስኳርና ከወገብ ውፍረት ጋር የተያያዘው የጤና ችግር በእነሱ ላይ በዝቶ እንደሚታይ ጽፈዋል። ይህ የራያ ቆቦ ጥናት የጤናን ውጤት እንጂ ክሮማቲንን አልለካም፤ ስለዚህ ሁለቱን አዳምሮ «ረሃቡ በዘራችን ተጽፏል» ማለት ሌላ ተረት መፍጠር ይሆናል። ማለት የሚቻለው ይህን ያህል ነው፦ በእርግዝና ጊዜ ያለ ረሃብ ለአሥርት ዓመታት የሚቆይ አሻራ ሊተው ይችላል፣ በኔዘርላንድሱ ጥናትም አሻራው የተገኘው ከፊደሉ ላይ ሳይሆን ከምልክቱ ላይ ነው።

ተረት 4፦ «ሳይንስ እርጅናን መልሶታል፤ መድኃኒቱ ገበያ ላይ ነው።»

ይህ ተረት ከእውነት ፍርፋሪ የተጋገረ ስለሆነ ከሁሉም አደገኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ አራት ዘረመሎችን በማንቃት አድጎ ሥራውን የያዘን ህዋስ ወደ ጽንስ መሰል ሁኔታ መመለስ እንደሚቻል አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ኖቤል ተሸለመበት። ሌሎች እ.ኤ.አ. በ2016 እነዚሁን ዘረመሎች በአይጥ ላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ እያነቁ፣ ያለ ዕድሜያቸው የሚያረጁ አይጦችን ዕድሜ አራዘሙ። ሳይቋረጥ የነቁ እንደሆነ ግን ህዋሱ ሥራውን ጨርሶ ይረሳል፣ ዕጢም ያበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የአይጦችን ዲኤንኤ በጥንቃቄ እየቆረጡ፣ ፊደሉ ሳይጎድል ክሮማቲኑ ብቻ እንዲናጋ ያደረጉ ተመራማሪዎች አይጦቹ ቶሎ እንዳረጁ ዘገቡ። ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለ አይመስልም፤ ሌሎች ሳይንቲስቶች ግን መቁረጡ ራሱ ህዋስን ይጎዳል፣ ስለዚህ ጥፋቱን ለንባቡ ብቻ መስጠት አይቻልም ይላሉ። ተቃውሟቸው ሚዛን ይደፋል፤ ለዚህም ነው ከላይ «በአመዛኙ» ያልነው። ያም ሆነ ይህ፣ ይህ ሁሉ የተሠራው በአይጥና በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው። «ዲኤንኤ ያድሳል» ተብሎ የሚሸጥ ቅባትም ሆነ እንክብል ከዚህ ሥራ የወጣ አይደለም።

«የደም ምርመራ እውነተኛ ዕድሜህን ይነግርሃል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ስቲቭ ሆርቫት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ስሌት በ353 የዲኤንኤ ቦታዎች ላይ ያለውን የሜቲል ምልክት ቆጥሮ የሰውን ዕድሜ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ይገምታል፤ አስደናቂ ሥራ ነው። ግን እንዲህ ያሉ፣ «ሰዓት» የሚባሉ ስሌቶች የተቃኙት የልደት ቀናቸው በትክክል በታወቀ፣ አብዛኞቹም በአውሮፓና በአሜሪካ በሚኖሩ ሰዎች ነው። አንድ የገነተ ማርያም አዛውንት ዕድሜያቸው በድርቅና በመንግሥት ለውጥ የሚቆጠር ከሆነ፣ ሰዓቱ የሚሰጠውን ቁጥር ከምን ጋር እናመሳክረዋለን? ጉሙዝ ለሰው ልጅ ጉዞ ታሪክ የ25 ሰዎቹን ዘረመል አበርክቷል፤ ለእርጅና ሳይንስም የሚገባው ቦታ ይኖረዋል። ለዚያ የሚያበቃው የመጀመሪያው መሣሪያ ግን ማይክሮስኮፕ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 760/2004 የልደት ምዝገባን ግዴታ አድርጓል፣ ምዝገባውም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ልጅ የወለደ ሁሉ ወደ ቀበሌው ሄዶ ያስመዝግብ፤ የዛሬ ስልሳ ዓመት የእርጅናን እውነት የሚጠይቅ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።