የሳብዉፈር ጠርዝ፦ በጅቡቲ አየር የሚያልቀው ስፖንጅና ጥገናው

ሳብዉፈር ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ገደማ ያለውን ወፍራም ድምፅ ብቻ ለማሰማት የተሠራ ስፒከር ነው። ኸርዝ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚደረግ የንዝረት ብዛት ሲሆን፣ ዝግ ያለ ንዝረት ጆሮ ውስጥ የሚገባው ብዙ አየር ሲገፋ ብቻ በመሆኑ፣ የሞሰብ ክዳን የሚመስለው የሳብዉፈር ኮን ከሌሎች ስፒከሮች ኮን ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ርቆ ይመላለሳል። አሜሪካውያኑ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1925 ያቀረቡት ንድፍ እስካሁን በመሠረቱ አልተለወጠም፤ በኮኑ ሥር የተጣበቀው ኮይል፣ ማለትም የመዳብ ሽቦ ጥቅልል፣ በማግኔት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ሆኖ ከአምፕሊፋየሩ በሚመጣው ኤሌክትሪክ ይገፋል፣ ይሳባል። ኮይሉ ማግኔቱን ሳይነካ እንዲመላለስ የሚይዙት ሁለት ነገሮች ሲሆኑ፣ አንዱ ከኋላ ያለው የተሸበሸበ ጨርቅ፣ ሌላው ደግሞ ኮኑን ከብረት ክፈፉ ጋር የሚያገናኘው ለስላሳ ጠርዝ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ክፍሎች ቀድሞ የሚያልቀው ጠርዙ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ስፖንጅ ሲሆን፣ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት የስፖንጁን ረጃጅም ሞለኪውሎች ከመጋጠሚያቸው ይበጥሳቸዋል፤ በኬሚስትሪ ሃይድሮሊሲስ የሚባለው ይህ ሂደት ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል፣ የፀሐይ ብርሃንና ኦክስጅንም በበኩላቸው ስፖንጁን ያደርቁታል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቆረቆረችው ጅቡቲ ከተማ ሁለቱንም ጠላቶች፣ ሙቀትንና እርጥበትን፣ ታስተናግዳለች፤ በሞቃት ወራቷ የሙቀት መጠኑ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፣ ኻምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ ይዞ ይነፍሳል፣ ባሕሩም እርጥበትና ጨው ይልካል። የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መሥሪያ ቤት፣ በምኅጻሩ አርቲዲ፣ በከተማይቱ የአገሪቱን ሙዚቃ የያዙ የድምፅ ቴፖችን ያኖራል፤ በዓለም ዙሪያ የቴፕ ጠባቂዎች የሚፈሩት የመጣበቅ በሽታም መነሻው ያው ሃይድሮሊሲስ ሲሆን፣ የቴፑን ማግኔታዊ ዱቄት የሚያጣብቀውን ፖሊዩሬቴን ያበላሻል። ሙዚቃው የተቀመጠበትም የሚሰማበትም ዕቃ በአንድ ኬሚስትሪ መጠቃቱ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ነው።

ስለዚህ የሚንኮሻኮሽ ወይም ወፍራም ድምፁ የሳሳ ሳብዉፈር ሲያጋጥም ዕቃው በሙሉ ሞቷል ብሎ መጣል ስሕተት ነው፤ ማግኔቱና ኮይሉ ደኅና ሆነው የተበላሸው ጥቂት ግራም የማትመዝን ስፖንጅ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ጠርዙ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። ኮኑ በሁለት እጅ እኩል ሲገፋ የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ግን ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው። የኮይሉን ጤንነት ለማወቅ ቴስተር ያስፈልጋል፤ 8 ኦም የተባለ ስፒከር ከ6 እስከ 7፣ 4 ኦም የተባለው ደግሞ ከ3 በላይ የሚያሳይ ሲሆን፣ ኦም ኮይሉ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተቃጥሏል ወይም ተበጥሷል።

ጥገናው ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። አምፕሊፋየሩ በሣጥኑ ውስጥ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ፣ ከመክፈት በፊት ጊዜ መስጠትና ሰርኪዩቱን በባዶ እጅ አለመንካት ያስፈልጋል። አሮጌው ስፖንጅና ሙጫው በአልኮል ርሶ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። ከዚያም በልኩ የተገዛው አዲስ ጠርዝ አስቀድሞ ከኮኑ ጋር ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ ከክፈፉ ጋር ይጣበቃል። የሥራው ፈተና እዚህ ላይ ነው፦ ኮይሉ በክፍተቱ መሀል ካልቆመ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የኮኑ መሀል ክዳን ተነሥቶ በኮይሉና በውስጡ ባለው ብረት መካከል ስስ የፕላስቲክ ቁራጮች በዙሪያው ይሰካሉ፣ ሙጫው እስኪደርቅም አንድ ቀን ሙሉ አይነኩም። ለጅቡቲ አየር የጎማ ጠርዝ ከስፖንጅ ይልቅ የሚበረታ ቢሆንም፣ ክብደቱ የስፒከሩን ድምፅ ጥቂት ስለሚለውጠው ከፋብሪካ በስፖንጅ ለወጣ ሳብዉፈር ያንኑ መመለስ ለድምፁ ታማኝ ነው።

ኮይሉ ከተቃጠለ ግን ስፒከሩን መለወጥ ይሻላል። አዲሱ በኢንች ስፋቱና በጥልቀቱ ከሣጥኑ ጋር መግጠም አለበት፤ ኦሙም ከቀድሞው ማነስ የለበትም፣ አለዚያ ብዙ ኤሌክትሪክ ስቦ አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሽቦው ከመበየዱ በፊት 1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ይነካካል፤ ኮኑ ወደ ፊት ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው።